ፕሮፔለር ለማዳን ሞተር ማጥፋት አይመሰገን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ትንሽ አውሮፕላን በሆዱ ባረፈ ቁጥር ዜናው «ጎማው አልዘረጋ ብሎ» ብሎ ይጀምራል። አብራሪው ገና አየር ላይ ሳለ ሞተሩን አጥፍቶ ከሆነም ፕሮፔለሩን ስላተረፈ ይወደሳል። ሁለቱም አነጋገሮች አንባቢን ያሳስታሉ፤ በተለይ ሁለተኛው ለጀማሪ አብራሪዎች መጥፎ ትምህርት ነው።

በሆድ ካረፉት ብዙዎቹ ጎማው እንቢ ያላቸው አይደሉም፤ ማውረዱን የረሱ ናቸው። በእውነት ብልሽት ሲያጋጥም ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው የጎማውን ወርዶ መቆለፍ የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት አለመብራቱ ነው፤ ይህ ብቻውን ጎማው አልወረደም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ትንሽ ስዊች አለው። ስዊቹ ከቆሸሸ ወይም ከቦታው ትንሽ ከተንሸራተተ ጎማው ወርዶና ተቆልፎም መብራቱ ላይበራ ይችላል። ጎማው በሚታጠፈው ትንሽ አውሮፕላን በፓይፐር አሮው፣ በብዙ ሞዴሎቹ፣ የናቪጌሽን መብራት (የክንፍ ጫፍ መብራቱ) ሲበራ የጎማዎቹ መብራቶች አብረው ይደበዝዛሉ። ቀን ላይ፣ ፀሐይ ስትመታቸው፣ የጠፉ ይመስላሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው የናቪጌሽን መብራቱ ስዊች ነው። ቀጥሎ የበራውን አምፖል ነቅሎ በጠፋው ቦታ መሞከር ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለማረፍ እየተቃረቡ አይሠራም። ኃይል ጨምሮ ከፍ ማለት፣ አውሮፕላኑን በረጋ ከፍታ መያዝ፣ ከዚያ ነው የቼክሊስት ጊዜው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1972 የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ማያሚ አጠገብ ረግረግ ውስጥ ሲወድቅ የበረራ ሠራተኞቹ ሐሳባቸው ሁሉ በአንድ የተቃጠለ የፊት ጎማ አምፖል ላይ ነበር። ከፍታቸውን የሚከታተል ሰው አልነበረም፤ 100 ያህል ሰው አለቀ። ያ ትልቅ አውሮፕላን ነበር፤ ብቻውን ለሚያበር ሰው አደጋው የባሰ ነው።

አምፖሉ ደህና ከሆነ አምፔር ሜትሩና ሰርኪት ብሬከሩ ይታያሉ። አልተርኔተሩ (ኤሌክትሪክ አመንጪው) ሥራ አቁሞ ባትሪው ካለቀ ጎማውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕም መብራቱም አብረው ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው እንደ አውሮፕላኑ ዓይነት ይለያያል። አሮው ላይ ጎማውን ወደ ላይ የያዘው የሃይድሮሊክ (የዘይት) ግፊት ነው፤ ፍጥነት ቀንሶ የአደጋ ጊዜ ማንሻውን ወደ ታች መያዝ ግፊቱን ይለቀዋል፣ ጎማው በክብደቱና በሞላ (ስፕሪንግ) እርዳታ ይወርዳል። ካልተቆለፈ በመሪው ፔዳል አፍንጫውን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ይረዳል። ጎማቸው የሚታጠፍ ሴስና 172ና 182 በመቀመጫዎቹ መካከል የእጅ ፓምፕ አላቸው፤ እስኪከብድ ድረስ ይነፋል። ዘይቱ ሁሉ ፈስሶ ካለቀ ግን ፓምፑ የሚገፋው ነገር የለውም፤ ከበረራ በፊት ከሆዱ ሥር የሚታይ ቀይ የዘይት ነጠብጣብ የማይናቀው ለዚህ ነው። ቦናንዛ በሚባለው አውሮፕላን ላይ ከፊት መቀመጫዎች ኋላ ያለው የእጅ መዘውር ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ 50 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሰርኪት ብሬከሩ ቀድሞ መነቀል አለበት፤ አለዚያ የጎማው ኤሌክትሪክ ሞተር ድንገት ቢነሳ መዘውሩ እጅ ይሰብራል።

በመቆጣጠሪያ ማማው ፊት ዝቅ ብሎ ማለፍ ብዙ ጥቅም የለውም። ከማማው ያለው ሰው መውረዱን ያያል እንጂ መቆለፉን ሊያረጋግጥ አይችልም።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ። ሞተር ቢጠፋም ፕሮፔለሩ በነፋስ መዞሩን ይቀጥላል። ለማቆም ፍጥነቱን አውሮፕላኑ ሊወድቅ እስኪደርስ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ መሬት አጠገብ ነው። መንደርደሪያው ላይ ሳይደርሱ ከቀሩ ኃይል ጨምሮ መድረስ፣ ወይም ዳግም ተነስቶ መሞከር የለም። የሚተርፈው ብረት ነው፤ ያውም ከተረፈ። ስለዚህ አቀራረቡ እንደ ወትሮው ይሁን፤ በሮች መቀርቀሪያቸው ተፈቶ፣ የትከሻ ቀበቶ ጠብቆ፣ አስፋልት መንደርደሪያ ተመርጦ። ለስላሳ አፈር ወይም ሣር የአውሮፕላኑን ሆድ ሊነክስ ይችላል፤ አስፋልት ላይ ግን ይንሸራተታል። መንደርደሪያው ላይ መድረሱ ሲረጋገጥና መሬት ሊነካ ሲል ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው) ይቆረጣል፤ ነዳጅና ማስተር ስዊች (ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ተዘግተው ይወጣል። ከዋናዎቹ ጎማዎች አንዱ ብቻ ካልወረደና ሌሎቹን መመለስ ከተቻለ፣ የአውሮፕላኑ መመሪያ ሌላ ካላለ በቀር፣ ሁሉንም አጥፎ ማረፍ በአንድ እግር ከማረፍ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ፣ ጫፉ ብቻ ቢጎብጥም፣ ሞተሩ ሳይመረመር አይነሳም። ለላይኮሚንግ ሞተሮች እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን መመሪያ የክራንክሻፍቱ ጥርስ መመርመርንና ማሰሪያ ቡሎኑን መቀየርን ያስገድዳል። «ፕሮፔለሩን ቀይሬ በረርኩ» ማለት አይሠራም።

ከዜናው የሚቀረው የጥገናው ነገር ነው። ጎማው ታጥፎ በረጋ በረራ ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ለአፍታ እየተነሳ ከጠፋ፣ አንድ ቦታ ጎሚኒ አልቆ ግፊት እያመለጠ ነው፤ አብራሪው ቢጽፈው ለቴክኒሺያኑ ግማሽ ሥራ ነው። በዓመታዊው ምርመራ አውሮፕላኑ በክሪክ ተነስቶ ጎማው በመደበኛው መንገድ ይሞከራል፤ የአደጋ ጊዜው መንገድ ግን አንዳንዴ ይዘለላል። በደረቀ ግራሶ የተያዘ መጋጠሚያ በፓምፕ ግፊት ይንቀሳቀሳል፣ በክብደቱ ብቻ ግን አይወርድም። ነፋስን ተቃውሞ ወደ ፊት የሚወጣ ጎማ ደግሞ ክሪክ ላይ ነፋስ ስለሌለበት ተንጠልጥሎ ቢቆለፍም በአየር ላይ ዋስትና አይሆንም። በነፃ ወርዶ እስኪቆለፍ የፈጀው ሰከንድ በየዓመቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ካምናው ከረዘመ መጋጠሚያዎቹ ተፈተው ይታዩ።

አንድ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ