ቴሩኤልን ሳታዪ አትመለሺ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የአንቺ ናፍቆት ግን አልለቀቀኝም። ከተጻጻፍን ዘመን ሆነን፤ የኑሮ ነገር ነውና ብዙ አንመርምረው። በየካቲት ለስብሰባ ማድሪድ እንደምትመጪ ወንድምሽ ሲነግረኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ማድሪድን የሚያስጎበኝሽ ሰው አይጠፋም። እኔ የምለምንሽ ሁለት ቀን ጨምረሽ እኔ ወዳለሁበት ወደ ቴሩኤል እንድትመጪ ነው።

ቴሩኤል አራጎን በሚባለው የስፔን ክልል ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የአውራጃ ዋና ከተማ ናት። ነዋሪዋ 36,000 ገደማ ነው፤ በመላው ስፔን ካሉት የአውራጃ ዋና ከተሞች በሕዝብ ብዛት ታናሿ እርሷ ናት። ከማድሪድ በቀጥታ የሚያመጣሽ ባቡር ስለሌለ የምትመጪው በአውቶቡስ ነው። ወጣቱ እየፈለሰ የአውራጃው መንደሮች ሲራቆቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የአገሬው ሰው «ቴሩኤል አለች!» ብሎ ተነሣ። ባቡሩን፣ መንገዱንና ሐኪሙን እንደ ሌላው አገር ስጡን ነበር ጥያቄው። ንቅናቄው ሃያ ዓመት ሳይታክት ቆይቶ በ2019ኙ ምርጫ አንድ ወንበር አግኝቶ ፓርላማ ገባ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ለዚህ ሕዝብ ያለኝ አክብሮት ሌላ ሆኗል።

ስትመጪ አስቀድሜ የማሳይሽ የደወል ማማዎቹን ነው። ንጉሥ አልፎንሶ ዳግማዊ በ1171 ከተማዋን ከቆረቆረ በኋላ፣ በክርስቲያን ነገሥታት ሥር ሃይማኖታቸውን ይዘው የኖሩ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሙዴኻር ይባላሉ። ግንበኞቻቸው ለቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ እንዲሠሩ ሲታዘዙ፣ የሚያውቁትን የመስጊድ ሚናራ አሠራር ይዘው መጡ። ሳን ማርቲንና ኤል ሳልቫዶር በሚባሉት ማማዎች አንዱ ግንብ በሌላው ግንብ ውስጥ ቆሟል፤ ደረጃው በሁለቱ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከሥራቸው ደግሞ መንገዱ በቅስት ውስጥ ያልፋል፤ ሰው ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ከማማው ሆድ ሥር ወደ ገበያው ይሄዳል። ግድግዳው ጡብ ነው። በጡቡ መካከል አረንጓዴና ነጭ የተቀቡ የሸክላ ጌጦች ተሰክተዋል፤ ወደ ማታ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጡቡ ይቀላል፣ አረንጓዴው ያብረቀርቃል። ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አፈ ታሪኩ እነዚህን ሁለት ማማዎች የሠሩት አንዲትን ልጅ የወደዱ ሁለት ግንበኞች ናቸው ይላል፤ ቀድሞ የጨረሰው ማማው ዘምሞ ስላገኘው ራሱን ከላይ ወረወረ ይባላል።

ካቴድራሉ ውስጥ አንገትሽ እስኪያምሽ ወደ ላይ ተመልከቺ። ጣሪያው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያለ የእንጨት ሥራ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ተሸፍኗል። ፈረሰኛ አለ፣ ሙዚቀኛ አለ፣ ስሙን የማላውቀው አውሬ አለ። እኔን ግን የያዘኝ የአናጢዎቹ ሥዕል ነው፤ ሥራቸው ላይ እንዳሉ እዚያው ከነገሥታቱ ጋር ተስለዋል። ለሥራ ሰው እንዲህ ያለ ቦታ የሰጠ ጣሪያ ሌላ አላየሁም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ተለወጠ ብለው ከሥሩ ሌላ ጣሪያ ጋርደውበት ነበር፤ ያ መጋረድ ነው ቀለሙን ያቆየው።

የከተማዋን ፍቅረኞች፣ የዲዬጎንና የኢሳቤልን ታሪክ ሳትሰሚ አትቀሪም። ዲዬጎ ድሃ ስለነበር ሀብት አፍርቶ እንዲመጣ አምስት ዓመት ተሰጠው፤ ሲመለስ ኢሳቤል ተድራ አገኛት። አንድ ጊዜ እንድትስመው ለመናት፤ ባለ ትዳር ነኝና አይሆንም አለችው፣ እርሱም እዚያው ሞተ። በቀብሩ ዕለት ሄዳ ሬሳውን ስትስም እርሷም ሞተች ይባላል። መቃብራቸው በሳን ፔድሮ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ቀራፂው ኹዋን ዴ አቫሎስ ጎን ለጎን አስተኝቷቸው እጃቸውን እርስ በርስ ዘርግቷል፤ ጣቶቻቸው ግን አይነካኩም። ጠጋ ብለሽ እዪው።

የምንከባከባቸው እማማ የዚህች ከተማ ተወላጅ ናቸው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከታኅሣሥ 1937 እስከ የካቲት 1938 እ.ኤ.አ. ከተማዋ በሪፐብሊኩ መንግሥትና በተነሣበት በጄኔራል ፍራንኮ ጦር መካከል ስትገለባበጥ ፈራርሳ ነበር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ስንቱን ወታደር እጅ እግሩን አሳጥቶታል። እርሳቸውን እናታቸው አዝለው ወደ ቫሌንሲያ አሸሿቸው። ዛሬም ስወጣ ኮቴን እስከ አንገት ቆልፌ ካላዩ በሩን አያስከፍቱኝም። አንቺም ወፍራም ካፖርት ያዢ።

አደባባዩ ላይ ከረጅም ዓምድ ጫፍ የቆመች ትንሽ የበሬ ሐውልት አለች፤ ቶሪኮ ይሏታል። በ2022 ዓምዱ ወድቆ ከተማው ሐዘን ተቀመጠ፤ ጠግነው መልሰው አቆሙት። ከባቡር ጣቢያው ወደ መሐል ከተማ የሚወጣውንም ባለ ጌጥ ደረጃ አብረን እንወጣዋለን።

ስለ ምግብ ደግሞ፣ አገሩ የሚኮራው በደረቀ የአሳማ ጭን ነው፤ እርሱን ለእነርሱ እንተውላቸው። ተርናስኮ የሚሉት በምድጃ የተጠበሰ የጠቦት ሥጋ አለ፣ አፍ ያስከፍታል። ጾም ከገባም አትስጊ፤ የታችኛው አራጎን የወይራ ዘይት ከትኩስ ዳቦ ጋር ራሱን የቻለ ምሳ ነው፣ ሽሮውን እኔ እሠራለሁ።

ከቻልሽ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ድረሺ። ያን ሰሞን «የኢሳቤል ሠርግ» ይከበራል፤ ሽማግሌው ሕፃኑ የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ በየድንኳኑ እሳት ይነዳል፣ የዲዬጎና የኢሳቤል ታሪክ በየአደባባዩ ይታያል። በዚያ ሰሞን ሆቴል ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ አንቺ ግን ማረፊያሽ እኔ ዘንድ ነው። የስብሰባሽን ቀንና የአውቶቡሱን ሰዓት ቶሎ ጻፊልኝ፤ ከአሠሪዎቼ ፈቃድ የምጠይቅበት ጊዜ እንዳያጥረኝ።

እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት