ስለ ልጆቻችን የምሳ ሰዓት

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ክፍያም ስለ ዩኒፎርምም አይደለም። ስለ ምሳ ሰዓት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የኬጂ 1 ልጃችን ምሳ ዕቃውን ሲከፍት ሙዙ ለሁለት ተሰብሮ አገኘው። ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ወንበሩን ገፍትሮ መሬት ላይ ተንፈራገጠ። ሞግዚቷ ምሳ ዕቃውን ከደነችና አጠገቡ ቁጭ አለች። «ሙዝህ ስለተሰበረ ከፋህ አይደል?» አለችው። ሌላ አልተናገረችም። ልቅሶው እስኪበርድለት ጠብቃ ፊቱን አጠበችው፣ ውሃ ሰጠችው። ከዚያ ፍርፍሩን አምስት ስድስት ጊዜ ጎረሰ። ሙዙን ግን አልነካውም። እሷም አልጎተጎተችውም።

ማታ እናቱ ደወሉልኝ። «ምሳው እኮ ተርፏል፤ ለምን አላጎረሳችሁትም?» አሉኝ። ይህን የምነግራችሁ እሳቸውን አስፈቅጄ ነው። ጥያቄያቸው ይገባኛል። «በሞቴ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ለእኛ ማጉረስ መውደድ ነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን እያለቀሰች፣ እጇን ይዤ አጎርሳት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እባካችሁ፣ የሚያለቅስ ልጅ አፍ ውስጥ ምግብ አትክተቱ። ልጅ ሲያለቅስ አየር በኃይል ይስባል፤ ጉርሻው ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። ኦቾሎኒ፣ ቆሎና ፈንዲሻማ ትንንሾቹን ባያለቅሱም ሊያንቃቸው ስለሚችል ምሳ ዕቃ ውስጥ አትጨምሩ።

«ድሮ ይበላ ነበር፣ አሁን ምን ነካው?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ሕፃን አንድ ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው 3 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ከ2 ዓመቱ በኋላ ግን በዓመት የሚጨምረው 2 ኪሎ ገደማ ነው። ዕድገቱ ረጋ ሲል የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ልጁ እየሮጠ እየተጫወተ፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሆነ የተረፈ ፍርፍር አያስደንግጣችሁ። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ሲውጥ የሚያንቀው ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ምን እንደሚበላና መቼ እንደሚበላ እናንተ ወስኑ። ምን ያህል እንደሚበላ ለሱ ተዉለት። ጎመን ወይም ካሮት አልበላም ቢል ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አቅርቡለት። ከ10 ጊዜ በላይ ዓይቶት ነው አንዳንዱ የሚቀምሰው። ካርቱን ተከፍቶለት የሚጎርስ ልጅ መጥገቡን አያውቀውም። «ጅብ ይመጣል» ተብሎ የሚበላም ማዕዱን ይፈራል። ሌላው ደግሞ ማታ ማታ የምትነግሩኝ ንጭንጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ የድካምና የረሃብ ነው። ከሰርቪስ እንደወረደ ብስኩትና ጁስ ከያዘ እራቱን አይነካም። እራቱን ቀደም አድርጉለት።

ምሳ ዕቃ ላይ «ካልጨረሰ አታስነሱት» የሚል ወረቀት የምትለጥፉ ወላጆች አላችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ይህን አንቀበልም። በምትኩ ልጁ ምን ያህል እንደበላ ሞግዚቶቻችን በመገናኛ ደብተሩ ላይ ይጽፉላችኋል። ምሳ ሰዓቱን ማየት የምትፈልጉ ማክሰኞና ሐሙስ 6 ሰዓት ላይ ኑ፤ አብረን እንቀመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት