ስለ ሉዊዛ ኤሩንዲና ልንገርሽ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? በጣም ተጠፋፋን እኮ! አሁንም ሰፈር ለሰፈር እየዞርሽ እንደምትሠሪ ስሰማ ደስ አለኝ። ሰሞኑን ስለ አንዲት ብራዚላዊት ፖለቲከኛ ሳነብ ደጋግመሽ ትዝ አልሽኝ። እሷም እንዳንቺ ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች።

ሉዊዛ ኤሩንዲና ትባላለች። በ1934 ድርቅ በማይለየው ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1971 ሳኦ ፓውሎ ገባች፤ እንደሷው ከሰሜን ምሥራቅ ተሰደው በፋቬላ (በከተማው የድሆች መንደሮች) ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ትሠራ ጀመር። የሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት ነበረችበት። በ1982 ለከተማው ምክር ቤት፣ በ1986 ለክልሉ ምክር ቤት ተመረጠች። በ1988 ደግሞ ቀኝ ዘመሙን ፖለቲከኛ ፓውሎ ማሉፍን አሸንፋ የሳኦ ፓውሎ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነች። ያላገባች፣ ግራ ዘመም፣ ከዚያ ከተናቀው አካባቢ የመጣች ሴት! ስንቱ ባለሀብት እንደደነገጠ ገምቺ።

የትምህርት ቢሮውን ለታዋቂው የትምህርት ፈላስፋ ለፓውሎ ፍሬሬ ሰጠችው። በ1990 እዚያው ከተማ፣ በፔሩስ መካነ መቃብር ከሺህ በላይ ከረጢት አጽም ያለበት ድብቅ ጉድጓድ ተገኘ። ቀደም ሲል ብራዚልን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ አገዛዝ የገደላቸው ተቃዋሚዎችም እዚያ ተጥለው ነበር። ነገሩ ተዳፍኖ እንዳይቀር አደረገች። እኛም አገር የልጇን አጽም ሳታገኝ የቀረች እናት ስንት ናት!

እኔን ግን የያዘኝ የአውቶቡሱ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ በነፃ ይሳፈር፣ ወጪው ከቤትና ከቦታ ግብር ይሸፈን፣ ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል አለች። ምክር ቤቱ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ቀረ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ለአውቶቡስ ኩባንያዎች የሚከፈለው በተሳፋሪ ቁጥር ሳይሆን በሚሰጡት አገልግሎት እንዲሆን አስደረገች። በሰው ቁጥር ሲከፈል እኮ ኩባንያው ሰው አጭቆ መጫን ነው የሚያዋጣው። የሥራ ዘመኗ በ1992 ሲያልቅ ወንበሩን የተረከበው ያው ማሉፍ ነበር።

በ1998 ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተመረጠች። በ2011 ያንኑ ጥያቄ በሌላ በር ይዛው መጣች፤ ትራንስፖርት በሕገ መንግሥቱ ማኅበራዊ መብት ተብሎ ይጻፍ አለች። በ2013 የሳኦ ፓውሎ ታሪፍ 20 ሳንቲም ሲጨመር ሕዝቡ ጎዳና ወጣ፣ ተቃውሞው አገሩን አዳረሰ። በ2015 ማሻሻያው ጸደቀ። ዛሬ አንቀጽ 6 ላይ ትራንስፖርት ከትምህርት፣ ከጤና፣ ከምግብና ከመኖሪያ ቤት ጋር ተጽፏል። ታሪፉ በዚህ አልቀረም፤ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አውቶቡስ እሁድ እሁድ ነፃ የሆነው በ2023 መጨረሻ ነው። ቢሆንም ከንቲባ ሆና የተነፈገችውን ነገር ከሃያ ዓመት በላይ አለመልቀቋ ልቤን ነካው። በ2020፣ በ85 ዓመቷ፣ ለምክትል ከንቲባነት ተወዳደረች። ኮሮና ስለነበር ዙሪያውን በፕላስቲክ በተከለለ መኪና ላይ ሆና ቀሰቀሰች። ባታሸንፍም!

አንድ ነገር ላይ ግን ሐሳብሽን እፈልጋለሁ። በ1993 ፕሬዚዳንት ኢታማር ፍራንኮ የፌዴራል አስተዳደር ሚኒስትር አድርጎ ሾማት። ፓርቲዋ ከዚያ መንግሥት ውስጥ አንገባም ብሎ ነበርና አገዳት። በወራት ውስጥ ሹመቱን ለቀቀች፣ ኋላም ፓርቲውን ተወች። እኔ መግባቷን እደግፋለሁ፤ ከኢታማር በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት በሙስና ተከሶ ከወረደ በኋላ አገር የሚያቃና ሰው ያስፈልግ ነበር። አንቺ ግን ከጓዶችሽ ጋር የመቆም ነገር አጥብቀሽ ነው የምትይዢው። በሷ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? በረጅሙ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ