«ረዳት» ያላችሁት ሰውዬ መሪ ይዟል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ያወጣችኋቸውን የድሮ የአሜሪካ እሳት አደጋ ፎቶዎች አየሁ። ፈረሶቹ፣ በእንፋሎት የሚሠራው ፓምፕ፣ ጭሱ፣ ሁሉም ግሩም ነው። ያበሳጨኝ ከአንዱ ሥር የጻፋችሁት ነው። በረጅሙ የመሰላል ጋሪ ጭራ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ሰው «ረዳቱ» ብላችሁታል።

ረዳት? ሂሳብ ሊሰበስብ ነው? «ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» እያለ?

እስኪ ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። የያዘው ክብ ነገር መሪ ነው። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው እሱ ነው። ያን የሚያህል ጋሪ ያለ እሱ የከተማ ኩርባ አይዞርም። ዳንኤል ሄይስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከጋሪው ላይ የሚነሳውን መሰላል እ.ኤ.አ. በ1868 በፓተንት አስመዘገበ። እሱን ጽፋችኋል፣ ጥሩ። መሰላሉን እሳቱ ደጃፍ ድረስ የሚያደርሰውን ሰው ግን ተሳፋሪ አደረጋችሁት።

እኔ እዚሁ አሜሪካ፣ በዛሬው የእሳት አደጋ መሰላል መኪና ያ ወንበር ላይ 11 ዓመት ተቀምጫለሁ። የፊቱ ሹፌር ወደ ግራ ሲታጠፍ እኔ መሪዬን ወደ ቀኝ አዞራለሁ። ካላዞርኩ ጭራው ጥግ ላይ የቆመችውን ቶዮታ ጠራርጓት ይሄዳል። ደወል ካልሰጠሁት ሹፌሩ ፈቀቅ አይልም። የድሮዎቹ ደግሞ ይብስባቸው ነበር። የብዙዎቹ ወንበር ከመሰላሉ በላይ ስለሆነ፣ እሳቱ ጋ ሲደርሱ መሪውንና ወንበሩን ገለል ካላደረጉ መሰላሉ አይነሳም። ጭሱ እየታየ፣ ሰው እየጮኸ።

ስለ ዲያስፖራ ስትጽፉ ሁሌ ታክሲና ፓርኪንግ ነው። ፓርኪንግም ሠርቻለሁ፣ አላፍርበትም። ግን ስንት ዓመት ሳነባችሁ፣ የእኔ ሥራ ገጻችሁ ላይ ሲወጣ ይኸው ገና መጀመሪያው ነው፤ እሱም በረዳትነት። እናቴ «ልጄ መኪና ከኋላ ይነዳል» ስትል ጎረቤት ይስቅባታል። አሁን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ጽሑፋችሁን ላከልኝ፣ ከሥሩ «ለካ ረዳት ነህ!» ብሎ።

እርማቱን ስታወጡ ንገሩኝ። ለአክስቴ ልጅ የምልክለት እኔው ነኝ።

ከኋላ ወንበር