የእህል ገበያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጣሳ፣ ደብተርና ደመና

ክበባችን ጥቅምት ላይ ሲቋቋም ሥራው ቀላል ይመስል ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ወርዶ የእህል ዋጋ መመዝገብ፣ ሰኞ ከሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደወጣ ወይም እንደወረደ መነጋገር። በመጀመሪያው ስብሰባ «እህል ለምን ይወደዳል?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ እንደ መዝሙር በአንድ ድምፅ መጣ፤ «ነጋዴ አስወድዶት!» ይህንኑ በካርቶን ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት መዝገብ ከንቱ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሠንጠረዡን ሳሰምር «ጤፍ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ አበጀሁ። አንዱ ልጅ ማኛ ጠይቆ ይመዘግባል፣ ሌላዋ ሰርገኛ፣ ሦስተኛው ቀይ። በግራፍ ስናወጣው የጤፍ ዋጋ እንደ ፍየል ሲዘል ታየ። የመስፈሪያው ጉዳይ ደግሞ አለ። አንዷ ባቄላ ሻጭ ጣሳውን ሞልታ፣ ዙሪያውን በመዳፏ ደግፋ፣ እንደ ጎጆ ጣሪያ አሹላ ትሰፍራለች፤ አጠገቧ ያለችው አፉን በክንዷ ጠርጋ ልክ በልኩ ትሰጣለች። የሚጠሩት ዋጋ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ሙከራ ሚዛን ተውሰን በኪሎ መመዝገብ ጀመርን።

ደብተር የያዘ ልጅ በገበያ አይወደድም። ከግብር ሰብሳቢ የተላኩ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ልትገዙኝ ነው ወይስ ልታስገብሩኝ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ መታወቂያቸውን ካሳዩአቸው በኋላ ግን እማማ ከእኔ የተሻሉ አስተማሪ ሆኑ፤ የትኛው እህል ከየት እንደሚመጣ ያስቆጠሩን እሳቸው ናቸው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዙሪያዋ የገብስ፣ የባቄላና የስንዴ አገር ነው። ጤፉ ከምንጃርና ከሞረትና ጅሩ ይወጣል፣ ማሽላው ከቀወት ቆላ። ስለዚህ መኪና ሳይገባ የቀረበት ቅዳሜ፣ አዝመራው ምንም ቢያምር፣ ጤፍ እዚህ ይወደዳል።

ከመዝገቡ ሁሉ እኔ የምወደው የኅዳሩን አንድ ገጽ ነው። ጠዋት ዋጋው እንዳለፈው ሳምንት ነበር። ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረና ማካፋት ጀመረ። ሁለት ጆንያ ፈትተው የነበሩ ጤፍ ሻጭ ተነሥተው የአንዱን አፍ መልሰው አሰሩ። ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ። ገበያው ውስጥ ከነበረው ጤፍ አንድ ፍሬ አልጎደለም፤ ዋጋው ግን ከቀትር በፊት ወጣ። ልጆቹ ግራ ገባቸው። መልሱን የሰጠችን ቤተሰቦቿ ጅሩ የሚኖሩ ተማሪ ናት፦ «የታጨደው ገና አልተወቃም።» ነዶው ማሳ ላይ ነው፤ ዝናቡ ከቀጠለ ጤፉ ይበላሻል፣ መልኩም ይጠቁራል፤ እንግዲያው በእጁ ደረቅ እህል ያለው ሰው ለምን ዛሬ ይሸጣል? ለካ የቅዳሜ ዋጋ ገና አውድማ ያልደረሰውንም እህል ይቆጥራል። በሳምንቱ ፀሐይ ወጣ፣ ጆንያዎቹ ተፈቱ፣ ዋጋው ተመለሰ።

በታኅሣሥና በጥር ሁሉም ወቅቶ፣ ሁሉም ይዞ ይመጣል። የመሬት ግብር አለ፣ ዕዳ አለ፣ የጥር ሠርግ አለ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጎተራ ውስጥ ቢቀመጥ ክረምት ላይ ደህና ዋጋ ያወጣ ነበር። ግን ገበሬው ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ያኔውኑ ነው። በርካሽ ሸጦ ሐምሌ ላይ በውድ የሚገዛ ቤተሰብ በክበባችንም ውስጥ አለ። ባቄላና ምስር ግን የራሳቸው ቀን መቁጠሪያ አላቸው፤ ለዐቢይ ጾም ሽሮ የሚያዘጋጀው ሰው ጾሙ ሳይገባ ስለሚሸምት ዋጋቸው ቀድሞ ይነሣል። የቢራ ገብስ በከተማችን ባሉት ፋብሪካዎች ምክንያት ሌላ ታሪክ ነው፤ ለመጪው ዓመት አቆይተነዋል።

በሚያዝያ አንድ የቆየ ሠንጠረዥ አጠናን። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳቬናንት በ1699 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ ብዙዎች ከአገሩ ሰው ከግሪጎሪ ኪንግ የወሰደው ነው ይላሉ። ምርት በ10 በመቶ ቢጎድል ዋጋ በ30 በመቶ ይጨምራል፣ በ20 ቢጎድል በ80፣ በ50 ቢጎድል በ450። ቁጥሮቹ ለእኛ ገበያ አይሠሩም፣ ነገሩ ግን ይሠራል። ጉድለቱ ትንሽ ሆኖ ዋጋው ለምን እንዲህ ይሮጣል? አንዱ ተማሪ «ጫማ ቢወደድ አሮጌውን እናስጠግናለን፤ እንጀራ አይጠገንም» አለ። እውነቱን ነው፤ ቢበዛ ማሽላ ይቀላቀልበታል። በደብተራችንም ጤፍ በወጣ በጥቂት ሳምንት ማሽላ ሲከተለው ይታያል።

ተቃራኒውን ለማየት እንግሊዝ መሄድ አላስፈለገንም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን በቆሎ ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ መሰብሰቢያውን እንኳ ያልሸፈነላቸው ገበሬዎች ነበሩ። ለቀጣዩ እርሻ ማዳበሪያ የሚገዛ አቅም ጠፋ። በላዩ ዝናቡ ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ጥጋቡ ከረሃቡ በፊት አንድ ዓመት እንኳ አለመራቁ ነው ያስደነገጣቸው።

ዋጋዎቹን እዚህ ያልዘረዘርኩት መጽሔቱ ታትሞ እስኪወጣ ስለሚያረጁ ነው፤ ደብተሩ ቤተ መጻሕፍት አለ። ካርቶኑን እንቅደደው ያሉ ነበሩ፤ እኔ አልተስማማሁም። በጥር ገዝቶ ያከማቸ ነጋዴ ባይኖር በሐምሌ የምንሸምተው ከየት ይመጣል ያሉ አሉ፤ እህሉን ቆልፎ ዋጋ የሚጠብቀውንስ ያሉም አሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ከ«ነጋዴ» ሥር ግን «ዝናብ፣ ውርጭ፣ መንገድ፣ ዕዳ፣ ጾም» ተጨምሮበታል።

በመጨረሻው ስብሰባ እያንዳንዱ አባል የነሐሴን የነጭ ጤፍ ዋጋ ገምቶ በፖስታ አሸገ። ፖስታዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸዋል፤ መስከረም ላይ ይከፈታሉ። የእኔም አለበት።