ጊል የሚወቀሰው በሜዳ አቀማመጡ አይደለም

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የስፖርት ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ፣ ዛሬ ግን ስለ እግር ኳስ አይደለም፤ ስለ ክሪኬት ነው። ጅማ ላይ ክሪኬት ማን ያያል ብላችሁ እንዳታልፉኝ። በዩኒቨርሲቲያችን ሕንዳውያን መምህራን አስተምረዋል፣ እኔም ጓደኞቼም ጨዋታውን የለመድነው ከእነሱ ነው። በ2017 ክረምት በእንግሊዝና በህንድ መካከል የተደረገውን የአምስት ቴስት ውድድር ከሰኔ 13 ጀምሮ እስከ ሐምሌ 28 ድረስ ስንከራከርበት፣ በተለይም የህንዱን አምበል ሹብማን ጊልን ስናነሳ ስንጥል ከረምን። መብራት ሲጠፋ እንኳ ውጤቱን በስልክ እያየን ክርክሩን አላቆምንም።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። አንድ ቴስት እስከ አምስት ቀን ይሄዳል። ለማሸነፍ ብዙ ራን (ነጥብ) ማስቆጠር ብቻውን አይበቃም፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጋጣሚን መቺዎች ሁለት ዙር ሙሉ ማስወጣት፣ ማለትም 20 ዊኬት መውሰድ ያስፈልጋል (አንድ መቺ ሲወጣ አንድ ዊኬት ይባላል)። ወርዋሪዎቹ እነዚያን 20 ዊኬቶች የሚያገኙበትን መንገድ የሚቀይሰው ደግሞ አምበሉ ነው። ማን ይወርውር፣ መቼ ይወርውር፣ የቀሩት ተጫዋቾች ሜዳው ላይ የት የት ይቁሙ፤ ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ የሚወስንለት አሰልጣኝ የለም።

የህንዶቹ ኮከቦች ሮሂት ሻርማና ቪራት ኮህሊ በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ ከቴስት ጡረታ ሲወጡ ሹብማን ጊል በ25 ዓመቱ የህንድ አምበል ሆነ። መቺነቱ ላይ ማንም አፍ የሚከፍት አይመስለኝም፤ በአምስቱ ጨዋታዎች 754 ራን አስቆጥሯል፣ ኤጅባስተን ሜዳ ላይ ብቻ በመጀመሪያው ዙር 269፣ በሁለተኛው 161። ክርክሩ ያለው አምበልነቱ ላይ ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቼ «ሜዳውን በተነው፣ ፈሪ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ይህን ደብዳቤም የጻፍኩት ለዚያ ነው።

በጣም የተጨቃጨቅንበትን፣ ኦቫል ሜዳ ላይ የተደረገውን የአምስተኛውን ቴስት የመጨረሻ ቀን እዩት። እንግሊዝ ለማሸነፍ 374 ራን ያስፈልጋት ነበር። ጠዋት ሲጀመር 35 ራን ብቻ ቀርቷታል፣ ህንድ ደግሞ አራት ዊኬት ቀርቷታል። ዘጠነኛው መቺ ሲወጣ የቀረው 17 ነው። ያኔ የእንግሊዙ ክሪስ ዎክስ ትከሻው ተጎድቶ እጁን በፋሻ አንጠልጥሎ፣ ክንዱን ሹራቡ ውስጥ ከቶ ወደ ሜዳ ገባ! ከጎኑ ያለው አትኪንሰን ነው። ጊል ተጫዋቾቹን ወደ ዳር አወጣ። ህንድ፣ ኮቺ ከተማ ያለው ወዳጄ እስከ ዛሬ ይናደዳል፤ አንድ ዊኬት ለቀረው ሰው ተጫዋቾቹን መቺው ዙሪያ መክበብ እንጂ ዳር ማቆም ምን ይሉታል ይላል።

ግን ነገሩን አስቡት። ዎክስ በአንድ እጁ መምታት አይችልም፣ ስለዚህ አትኪንሰን እሱን ለኳስ ማጋለጥ አይፈልግም። በኦቨሩ (አንድ ወርዋሪ በተከታታይ በሚወረውራቸው ስድስት ኳሶች) መጀመሪያ ላይ አንድ ራን ቢሰጡት እንኳ አይወስድም፣ ከወሰደማ ቦታ ተቀያይረው ዎክስ ይጋለጣል፣ ለህንድ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም። ያለው ምርጫ ወይ ከድንበር ውጭ መምታት ነው ወይ የኦቨሩን የመጨረሻ ኳስ ጠብቆ መሮጥ፤ ያኔ ቀጣዩንም ኦቨር የሚመታው እሱ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ዳሩን መጠበቅ፣ መጨረሻው ኳስ ላይ ተጫዋቾቹን አስጠግቶ ያቺን አንድ ራን መከልከል ትክክል ነው። አንዴ ዎክስ እያቃሰተ ሮጦ ያመለጣቸው ግብ ጠባቂው ጁሬል ኳሱን ወርውሮ ዊኬቱን፣ ማለትም ከመቺው ኋላ የተተከሉትን እንጨቶች፣ ስለሳተ ነው። ይህ የአቀማመጥ ስህተት አይደለም። ደግሞ ሌላም አለ፤ 80 ኦቨር ካለፈ በኋላ አዲስ ኳስ መውሰድ ይችል ነበር፣ አልወሰደም። አሮጌው ኳስ እየታጠፈ ስለነበር በእሱ ቀጠለ። ፈጣን ወርዋሪው ሲራጅ በዚያው ኳስ አትኪንሰን እግር ስር ወርውሮ ዊኬቱን ገነደሰው፣ ህንድም በ6 ራን ብቻ አሸንፋ ውድድሩ 2 ለ 2 አለቀ። ይህን ያደረገ አምበል ፈሪ አይባልም።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ኦልድ ትራፎርድ የክሪኬት ሜዳ ላይ እንግሊዝ 669 ስታስቆጥር የህንዱ ስፒን ወርዋሪ (ኳሱን በዝግታ እያሽከረከረ የሚወረውር) ዋሽንግተን ሰንደር ከ60 በላይ ኦቨር እስኪያልፍ ኳስ አልተሰጠውም። ሲሰጠው ወዲያው የእንግሊዞቹን መቺዎች ፖፕንና ብሩክን አስወጣ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ፈጣን ወርዋሪዎቹ ደክመው፣ የእንግሊዙ መቺ ሩት ሜዳውን እንደ ግል ጓሮው ሲመላለስበት፣ የስፒን ወርዋሪውን ቁጭ አድርጎ ማየት ምን ማለት ነው? ሌላው ስፒን ወርዋሪ ኩልዲፕ ያዳቭ ደግሞ ጭራሽ አምስቱንም ጨዋታ ሳይሰለፍ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መምታት የሚችል ሰው እንዲበዛ ብለው ዊኬት የሚወስደውን ሰው አስቀሩት። በእርግጥ የአሰላለፉ ጉዳይ የአሰልጣኙ የጋምቢርም ነው፣ ብቻውን ጊል ላይ አልጥለውም።

ስለ ህንዱ ፈጣን ወርዋሪ ስለ ቡምራ የሚባለው ግን ያሳዝነኛል። በጀርባው ምክንያት ከአምስቱ ሦስቱን ብቻ ተጫወተ፣ ህንድ ያሸነፈችው ደግሞ እሱ ባልተሰለፈባቸው በሁለቱ ሆነ። ይህን ይዘው «ያለ እሱ ይሻላሉ» የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ሄዲንግሊ ላይ አምስት ዊኬት ወሰደ፣ ሎርድስ ላይም አምስት ወሰደ። ሄዲንግሊ የተሸነፉት የሚያዙ ኳሶች እየወደቁ ነው፤ የእንግሊዙ ዳኬት 97 ላይ እያለ የህንዱ ጃይስዋል ኳሱን ጣለለት፣ ሰውየው 149 ደረሰ፣ እንግሊዝም 371 አሳድዳ አሸነፈች። ሎርድስ ላይ በ22 ራን የተሸነፉት ደግሞ 193 ማስቆጠር ያቃታቸው መቺዎች ናቸው። ወርዋሪው ምን ያድርግ?

ሲራጅን ማመስገን ቡምራን ሳይሰድቡም ይቻላል። አምስቱንም ጨዋታ ተጫውቶ ከሁሉም የበለጠ 23 ዊኬት ወሰደ። ኦቫል ላይ ብሩክ 19 ላይ እያለ የመታውን ኳስ ከያዘ በኋላ የድንበሩን ገመድ ስለረገጠ ሳያስወጣው ቀረ፣ ብሩክ 111 ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። እሱ በማግስቱ ተነስቶ ጨዋታውን ጨረሰው። ሎርድስ ላይ ኳስ በቀስታ ተንከባላ ዊኬቱን ነክታ ያስወጣችው የመጨረሻው መቺም እሱ ነበር፣ እንዴት እንደተሰማው አይተናል።

አዘጋጆቹን የምለምነው ብዙ አይደለም። ክሪኬትን በየሳምንቱ ጻፉ አልልም። ግን እንዲህ ያለ ውድድር ሲኖር ከውጤቱ ጋር ማን ለምን እንደወረወረ፣ አምበሉ ምን እንዳሰበ ሁለት አንቀጽ ጨምሩ። በእግር ኳሱም ቢሆን አሰላለፉ ለምን እንደተቀየረ ብትነግሩን፣ እኛ የአባ ጅፋር ደጋፊዎች ሜዳ ገብተን ዝም ብለን ከመጮህ እንድን ነበር። ከመስከረም 2018 መጨረሻ ጀምሮ ዌስት ኢንዲስ ህንድ ሄዳ ሁለት ቴስት ተጫውታለች። ወደፊት ኩልዲፕ ካልተሰለፈ እንደገና እጽፍላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ