ናይሮቢ ለሚማሩ ምእመናን አንድ ቤት እንከራይላቸው

በምሥራቅ አፍሪካ የካቶሊክ ነገረ መለኮትን በማስተርስ ደረጃ ልማር ያለ ሰው መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ ናይሮቢ ነው። ላንጋታ በሚባለው ሰፈር የምሥራቅ አፍሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀምር የነገረ መለኮት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ናይሮቢ መጥተው በይፋ ከፈቱት። ባለቤቶቹ አሜሲያ በሚባለው ጉባኤ የታቀፉት የቀጣናው ጳጳሳት ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጳጳሳትም አባላት ስለሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ የእኛም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እዚያው ላንጋታ ገዳማውያን ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1986 ያቋቋሙት ታንጋዛ የሚባል ትምህርት ቤትም አለ።

ከእኛ አገር ወደዚያ የሚሄዱት ካህናትና ደናግል ብቻ አይደሉም። በቁምስና ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ፣ የወጣቶችን አገልግሎት የሚያስተባብሩ፣ በሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ምእመናንም አሉ። ይህ ጥሪ ስለ እነሱ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከኤርፖርት ነው። የማኅበር አባል የሆነ ካህን ሲደርስ የሚቀበለው ሰው አለ። ክፍል አለው፣ ጸሎት ቤት አለው፣ ማታ አብሮት የሚበላ ወንድም አለው። ምእመኑ ግን ሻንጣውን እየጎተተ ቤት ፍለጋ ይገባል። ላንጋታ ኪራዩ ኪስ ስለሚጎዳ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ሮንጋይ በሚባል ሰፈር ነው። የሮንጋይ ማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ) ውስጥ የተሳፈረ ያውቀዋል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ማታም ሩጫ ነው። የሰርክ ጸሎቱ፣ ከጸሎቱ በኋላ ያለው ሻይ፣ በሻዩ ላይ የሚነሳው ክርክር፣ ሁሉም ያመልጠዋል። ቤት ሲገባ በቅድሚያ የተከፈለው የመብራት ሒሳብ (ቶክን) አልቆ ይጠብቀዋል። ዳቦ በሻይ በልቶ ይተኛል።

ታዲያ ምን ይጠበስ፣ ተማሪ አይደል እንዴ፣ የሚል አይጠፋም። የሚማረው ምሕንድስና ቢሆን እኛም ዝም ባልን። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ካህናት ሕንጸት (አነጋገጽና አስተዳደግ) ሲጽፉ አራት ነገር አስቀምጠዋል፤ ሰብኣዊ፣ መንፈሳዊ፣ አእምሯዊና ሐዋርያዊ። ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለምእመናን አገልጋዮችም ይኸንኑ ይከተላሉ። ከአራቱ መማሪያ ክፍል ገብቶ የሚያልቀው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ከሰው ጋር በመኖር ነው የሚመጣው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛም እ.ኤ.አ. በ1982 የነገረ መለኮት ማስተርሳቸውን ቺካጎ ሲይዙ፣ ከተለያዩ ማኅበራት ከመጡ ሰዎች ጋር እየተማሩ የራሳቸውም የአውጉስጢኖሳውያን ማኅበር ነበራቸው። ዲግሪውን ለብቻቸው ክፍል ዘግተው አልያዙትም።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ቅዳሜ ሰው ይሰባሰባል። ማላዊው ንሲማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ያማስላል። ኬንያዊቷ ሱኩማ የሚባለውን ጎመን ትከትፋለች። የእኛዋ ልጅ ጤፉ እንዲበረክት ከሩዝ ዱቄት ጋር አብኩታ፣ ኢስሊ ከሚባለው የናይሮቢ ሰፈር የተገዛውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ትሰካለች። ምጣዱ ሲሰካ የግቢው መብራት ድርግም ይላል። አከራዩ በስዋሂሊ ይቆጣል፣ ሁሉም በጨለማ ይስቃል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ካቶሊክ ሆናችሁ ረቡዕ ለምን ትጾማላችሁ? ገናን ለምን በጃንዋሪ ታከብራላችሁ? ቅዳሴያችሁ እንደ እኛ አይደለም እንዴ? የግዕዙን ሥርዓት ለዛምቢያዊ ያስረዳ ሰው፣ ተመልሶ ለእምድብር ወጣት ማስረዳት አያቅተውም። ከምግብ በኋላ ደግሞ ሰሃን የማጠብ ተራ የማን ነው በሚል ይኮራረፋሉ። የቁምስና ምክር ቤት ስብሰባ ያየ ሰው ይህን ትምህርት አይንቀውም።

የምንለምነው ይህ ቅዳሜ የዘወትር እንዲሆን ነው። ጥሪውን የምናቀርበው ቀደም ሲል ናይሮቢ የተማርን ጥቂት ሰዎች ነን። ላንጋታ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቶቹ በእግር የሚደረስበት ቤት ልንከራይ አስበናል። አንደኛው ክፍል ለጸሎት ይሆናል። ሳሎኑ ረጅም ጠረጴዛ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ በዚህ አንደራደርም። ናይሮቢ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶ ይገዛል። ምጣድ የሚችል የመብራት መስመርም ይዘረጋል። በመጀመሪያው ዓመት ኪራዩን ሙሉ በሙሉ እኛና እናንተ እንሸፍናለን። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ሮንጋይ ይከፍሉት የነበረውን ያህል ያዋጣሉ፣ የጎደለውን እኛ እንሞላለን። ለትምህርት ክፍያ አንለምንም። እሱን ለብዙዎቹ ሀገረ ስብከት ወይም የነፃ ትምህርት ዕድል ይችላል። ሳይታሰብ የሚቀረው ማደሪያና ምግብ ነው።

ቤቱ የሐበሻ ብቻ አይሆንም። ከመካከላችን ይህን ያልወደዱ ነበሩ፤ በእኛ ገንዘብ ለምን ሌላው ይኖራል አሉ። እኛ ደግሞ ለብቻችን ተሰብስበን በአማርኛ ስናወራ ለመዋል ናይሮቢ ድረስ መሄድ አያስፈልግም አልን። ረጅም ክርክር ነበር፤ በመጨረሻ ግማሹ ክፍል ከሌሎች አገሮች ለሚመጡ ምእመናን እንዲሆን ተስማማን። ከእኛ አገር ለሚመጡ ሴቶች ልጆች ግን ቅድሚያ እንሰጣለን። ብቻዋን ከማታቱ ወርዳ በጨለማ ወደ ቤቷ የምትሄደው እሷ ናትና።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሲሆን እጃችን ቶሎ ይፈታል። ጉልላቱ ይታያል፣ ስም ይጻፋል። ለኪራይና ለሽንኩርት ሲለመን ግን ፊታችን ይቋጠራል። ሽንኩርት ላይ ስም አይጻፍም፣ እኛም አንጽፍም። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ አንዷ ቤቱ ውስጥ ከሚኖሩት ተማሪዎች የተመረጠች ትሆናለች። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ደረሰኙ ተያይዞ ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል። ቤቱ ሳይሳካ ከቀረ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

በአንድ ጊዜ ብዙ ከሚሰጠን ይልቅ በየወሩ ትንሽ የሚሰጠን ሰው ይሻለናል። አከራይ በየወሩ ነው የሚመጣው። ውጭ አገር ያላችሁ በኤምፔሳ ወደ ኬንያ መላክ ትችላላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ስለ ምንዛሪ አትጨነቁ፤ በብር የምትሰጡት እዚሁ አዲስ አበባ ለተማሪዎቹ የጉዞ ትኬትና ለስንቅ ይውላል። የሒሳብ ቁጥሩን በየቁምስናችሁ የጥሪውን ወረቀት የያዘው ሰው ይሰጣችኋል። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ውል መፈረም ስላለብን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብትወስኑልን ይጠቅመናል።

ገንዘብ የሌለው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ይስጠን። ናይሮቢ የሚሄድ ዘመድ ያለውም ይንገረን። ኩንታል ግን አታምጡብን፤ ለትርፍ ኪሎ የሚከፈለው ከበርበሬው ዋጋ ይበልጣል።